የሩጫው ዋዜማ
(ከተኩሱ በፊት ያለው ሯጭ በፊልምና በእኛ ብዕር)

ስለ ሩጫ የሚነገረን ነገር ሁሉ ከመጨረሻው ይጀምራል። ደወሉ ተደውሎ የመጨረሻው ዙር ሲገባ፣ ካሜራው የሯጩን ጥርስ ሲያሳየን፣ የሬዲዮ ጋዜጠኛው ድምፁ እየተሰነጠቀ አንድ ስም ሲደጋግም፣ ከዚያ ባንዲራ፣ ከዚያ እንባ። ይህ ሁሉ ያስደስታል፤ አንጠላውም። ለሥነ ጽሑፍ ሰው ግን ከዚህ ይልቅ የሚያጓጓ ሌላ ሰዓት አለ። ሯጩ ቱታውን አውልቆ ካስቀመጠበት ደቂቃ አንስቶ ሽጉጡ እስኪተኮስ ያለው ጊዜ ነው። ቢበዛ ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ «ድርጊት» የሚባል ነገር የለም። ሯጩ ይንጎራደዳል፤ ጭኑን በመዳፉ መታ መታ ያደርጋል፤ ያሰረውን የጫማ ማሰሪያ ይፈታና መልሶ ያስራል። ድራማው ግን በሙሉ እዚያች ደቂቃ ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ከተኩሱ በኋላ ያለው ሩጫ ነው፤ ሩጫ ደግሞ ለሐሳብ ፋታ አይሰጥም።

ይህ ጽሑፍ ያንን ሰዓት ፊልም ሠሪዎች እንዴት እንደያዙት፣ እኛ ደግሞ እንዴት እንደተውነው ለማየት የሚሞክር ነው። በተለይ የምንከተለው ወጣቱን፣ በራሱ የሚተማመነውን ሯጭ ነው። የሚፈራ ሯጭ ለጸሐፊ አያስቸግርም፤ ፍርሃት ምልክቱ ብዙ ነው። የሚተማመን ወጣት ግን ያስቸግራል። ፊቱ ዝም ይላል። ውስጡ ያለው እርጋታ ይሁን ድፍረት፣ ዕውቀት ይሁን አለማወቅ ከውጭ አይለይም።

ቋንቋችን ራሱ በዚህ ነገር አድልዎ አለበት። ለፍርሃት ለጋስ ነው፤ ሆድ ባር ባር ይላል፣ ጉልበት ይብረከረካል፣ ምላስ ከላንቃ ይጣበቃል፣ ልብ ድው ድው ይላል፣ ሲብስም ወሽመጥ ይቆረጣል። አንድ ሰው በራሱ ሲተማመን ግን ምን ይሆናል? «ደረቱን ነፋ» ብንል ጉረኛ አደረግነው። «ኮራ» ብንል አኮረፈ ለማለትም ይመስላል። «በራስ መተማመን» የሚለው ሐረግ ከሥልጠና ሰነድ የወጣ ይመስል ደረቅ ነው። «ልበ ሙሉ» ብቻ ነው የሚቀርበው፤ እሱም ቢሆን ሰውዬውን ከውጭ አይቶ የሚመሰክር ቃል እንጂ ከውስጡ የሚናገር አይደለም። «እኔ ልበ ሙሉ ነኝ» የሚል ሰው ወዲያው ያስቃል።

ይህን ስል «ፉከራን ረሳኸው?» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። አልረሳሁትም፤ እንዲያውም ዋናው ነገር እሱ ነው። ከውጊያ በፊት ያለውን ስሜት በዜማና በንግግር አስሮ የያዘ፣ ሽለላና ቀረርቶ የሚባል ሙሉ ጥበብ ያለው ሕዝብ ነን። ግን ፉካሪው እንዴት እንደሚናገር እንመልከት። የማን ልጅ እንደሆነ፣ የየት አገር ሰው እንደሆነ ይናገራል። ራሱን በፈረሱ ስም ይጠራል፤ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ» ናቸው፣ ምኒልክ «አባ ዳኘው»። የሚሰማውና የሚያጅበው ሕዝብም ከበውት ቆመዋል። ከሁሉም የሚደምቀው «እኔ» ስንል የነበረው ነገር ብቻውን አይቆምም፤ ከአባት፣ ከፈረስ፣ ከጌታ ስም ጋር ተደግፎ ነው የሚቆመው። ዛሬ ሯጫችን ከውድድር በፊት ማይክሮፎን ሲቀርብለት «በእግዚአብሔር ፈቃድ ጥሩ ውጤት ይዘን እንመጣለን፤ ሕዝቡ በጸሎት ያስበን» ሲል ብዙ ሰው ቃል የጠፋበት ይመስለዋል። እኔ ግን የፉከራው አጽም እዚያ ውስጥ አሁንም ቆሞ ይታየኛል። ጩኸቱ ወጥቷል፤ ግለሰቡን ከሚበልጠው ስም ሥር የማስጠለሉ ነገር አልወጣም። «አመጣለሁ» አይልም፤ «እናመጣለን» ነው የሚለው፤ ብቻውን ለሚሮጠው ሩጫ።

ይህንን በልባችን ይዘን ወደ ውጭ አገሮቹ ሥራዎች እንሂድ።

እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣውና የኦስካር ሽልማት ያገኘው የሂው ሃድሰን «ቻርዮትስ ኦፍ ፋየር» (የእሳት ሠረገሎች ብንለው ይሆናል) ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በቫንጌሊስ ሙዚቃውና በባሕር ዳርቻ በሚሮጡት ነጭ ለባሾች ነው። እኔ ግን የማስታውሰው ሃሮልድ አብርሃምስ የመታሻ አልጋ ላይ ተጋድሞ ለጓደኛው ሲናገር ነው። ዘመኑ 1924፣ ቦታው ፓሪስ፤ የቀረው 100 ሜትር ብቻ ነው። ይህ ወጣት መሸነፍን መፍራት ለምዶታል፤ አሁን ያስደነገጠው ግን ማሸነፉ ነው። ካሸነፈ በኋላ ምን ሊሆን ነው? አይሁዳዊ በመሆኑ በእንግሊዝ ታላላቆች ፊት የሚያረጋግጠውን ነገር አረጋግጦ ሲጨርስ ምን ይቀረዋል? ትልቅ ሐሳብ ነው። ጉድለቱ ሐሳቡን ሁሉ በአፍ መናገሩ ላይ ነው። እንዲህ አድርጎ ውስጡን ዘርዝሮ የሚናገር ሯጭ ቲያትር ቤት እንጂ መልበሻ ክፍል ውስጥ አይገኝም። ከንግግሩ ይልቅ ቀጥሎ የሚመጣው ትዕይንት ይበልጣል። በዚያ ዘመን ሯጮች የመነሻ ብረት አልነበራቸውም፤ እያንዳንዱ በትንሽ አካፋ አመዱን እየቆፈረ ለእግሩ ጣት ጉድጓድ ያበጃል። ስድስት ወጣቶች ጎን ለጎን ተንበርክከው፣ እንደ አትክልተኛ መሬት ሲቆፍሩ። ማንም አይናገርም። መተማመናቸው እጃቸው ላይ ነው።

(የአለን ሲሊቶን «የረዥም ርቀት ሯጭ ብቸኝነት» ሳያነሱ ማለፍ ነውር ነው፤ ግን አጭር ላድርገው። በ1959 የታተመው ይህ ታሪክና በ1962 የተሠራው ፊልም የሚነግሩን በወጣት ጥፋተኞች ማረሚያ ስላለ ልጅ ነው። ልጁ እንደሚያሸንፍ ያውቃል። ስለሚያውቅም አሳዳሪዎቹ በድሉ እንዳይኮሩ መስመሩ ጋ ሲደርስ ይቆማል። በራስ የመተማመንን ነገር እስከዚህ ጥግ ድረስ የወሰደ ሌላ ሥራ አላውቅም። የሲሊቶ ልጅ «እናመጣለን» ማለት ፈጽሞ የማይሆንለት ሰው ነው።)

በራሱ የሚተማመን ወጣት ሯጭ ሲባል የአሜሪካኖቹ ምሳሌ ስቲቭ ፕሪፎንቴን ነው። በ1997 እና በ1998 በተከታታይ ሁለት ፊልም ተሠርቶለታል። የሚሻለው ሁለተኛው፣ ሮበርት ታውን ያዘጋጀው «ዊዝአውት ሊሚትስ» ነው። ቢሊ ክሩደፕ ሯጩን፣ ዶናልድ ሰዘርላንድ ደግሞ አሠልጣኙን ቢል ባወርማንን ሆነው ይጫወታሉ። የፊልሙ ግጭት በሁለቱ መካከል ነው። አሠልጣኙ «ሌሎች ይምሩ፣ አንተ ጠብቀህ ውጣ» ይላል። ልጁ ጠብቆ መውጣትን እንደ ሌብነት ያየዋል፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ፊት ሆኖ ሁሉንም ማድከም አለበት። ፕሪፎንቴን 21 ዓመቱ ነው። ሙኒክ ከመድረሱ በፊት የ5 ሺህ ሜትሩን የመጨረሻ አራት ዙር ከአራት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ እንደሚሮጥ ተናግሯል፤ ለማንም የሚሸሽገው ዕቅድ የለውም። ይህ ፉከራ ነው፤ ግን አባትም ፈረስም የሌለው ፉከራ ነው። «እኔ» ራቁቱን ነው የቆመው።

ታውን የዚህን ወጣት ዋዜማ በደንብ ይዞታል። በሙኒክ ውድድሩ ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት 11 የእስራኤል ስፖርተኞችና አሠልጣኞች በታጣቂዎች እጅ ተገደሉ፤ ኦሎምፒኩ ለአንድ ቀን ቆመ። ከዚያ ሁሉ በኋላ «ሩጫ» የሚለው ቃል ራሱ ምን ትርጉም እንደቀረው ማን ያውቃል? ልበ ሙሉው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቡ ጎደለ። ፍጻሜው እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1972 ተሮጠ። ፕሪፎንቴን እንዳለው አራት ዙር ሲቀር ወጣ፤ መራ። መጨረሻው ላይ ፊንላንዳዊው ፖሊስ ላሴ ቪረን፣ ቱኒዚያዊው መሐመድ ጋሙዲ፣ በስተመጨረሻም እንግሊዛዊው ኢያን ስቱዋርት አለፉት። አራተኛ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ በግንቦት 1975 በመኪና አደጋ ሞተ፤ 24 ዓመቱ ነበር። የፊልሙ ድክመት ሞቱን ያለቅጥ ማጣፈጡ ነው። ጥንካሬው ግን መተማመንን እንደ ጸጋ ብቻ ሳይሆን እንደ ዕዳም ማሳየቱ ነው። ከአፍ የወጣ ፉከራ በወለድ ይከፈላል።

አሁን ወደ እኛ የሚያመጣኝን ነገር ልናገር። ከታውን ጋር ጽሑፉን የጻፈው ኬኒ ሙር ራሱ ሯጭ ነበር። በዚያው ዕለት በሙኒክ ማራቶን አራተኛ ወጥቷል። ሦስተኛው ማን ነበር ቢሉ የእኛው ማሞ ወልዴ ነው። ሙር በ1990ዎቹ ማሞ አዲስ አበባ ታስሮ በነበረበት ጊዜ ስለ እሱ ጽፎ ዓለም እንዲያስታውሰው የደከመ ሰው ነው። በአንድ ቀን ሁለት አራተኛ የወጡ አሜሪካውያን፤ አንደኛው የሌላኛውን ታሪክ ጻፈ። ያ ዕለት በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም. ነው፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። የሚገርመው አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮምን የሮጠባት ማታም ጳጉሜን 5 ነበረች፣ የ1952። ዋዜማችን ላይ እንደተገናኘን ነው የምንኖረው።

የሙኒኩ 5 ሺህ ሜትር ሌላም ነገር ነበረው። ምሩፅ ይፍጠር ነበረው፤ ማለትም አልነበረውም። ምሩፅ በ10 ሺህ ሜትር ቪረን ባሸነፈበት ሩጫ የነሐስ ሜዳሊያ አግኝቶ፣ 5 ሺህ ሜትሩን ሊሮጥ ተዘጋጅቶ ሳለ ማጣሪያው ያለ እሱ ተጀመረ። ምክንያቱን ሰው በየመልኩ ነው የሚያወራው፤ መንገድ ሳተ የሚል አለ፣ ሰዓት ተሳሳተ የሚል አለ፣ መጸዳጃ ቤት ነበር የሚልም አለ። ከዚያ በ1976 የሞንትሪያሉን ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ጨምሮ የአፍሪካ አገሮች ስላልተካፈሉበት ሳይሮጥ ቀረ። ሞስኮ ላይ በ1972 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1980) ቆሞ 10 ሺህ ሜትሩንም 5 ሺህ ሜትሩንም አሸነፈ። «ማርሽ ቀያሪው» የሚለውን ስሙን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ስለ መጨረሻዋ ዙር ነዋ! ከሙኒክ መልስ እስከ ሞስኮ መነሻ መስመር ያሉት ስምንት ዓመታት ግን የት አሉ? አንድ ሰው ከሩጫው በፊት ያለውን ደቂቃ ስምንት ዓመት ሙሉ ሲኖረው ምን ይሆናል? መተማመኑ ይጠነክራል ወይስ ይሻግታል? ፕሪፎንቴን በተሸነፈባት ሩጫ ሁለት ፊልም ተሠራላት፤ ምሩፅ በቀረባት ሩጫ እኛ አንድ አጭር ልቦለድ እንኳ አልጻፍንም። ቀልዷን ግን ይዘናታል።

የኮን ኢቺካዋ «ቶኪዮ ኦሊምፒያድ» በ1965 ሲወጣ ያዘዙት ባለሥልጣናት ተቆጥተው እንደነበር የታወቀ ነው። ማን አሸነፈ፣ ስንት ገባ የሚል መዝገብ ፈልገው ነበር፤ የተሰጣቸው ግን የሰው ፊት ነው። እኔ ከሩጫ ፊልሞች ሁሉ የማስቀድመው እሱን ነው። የ100 ሜትሩ ሯጮች ከመነሳታቸው በፊት ያለውን ጊዜ ምስሉን አዘግይቶ ያሳየናል፤ በአሥር ሰኮንድ የሚያልቅ ነገር ዋዜማው እንዴት ረዥም እንደሆነ በዓይናችን እንድንለካው ነው። ጃፓናዊቷን የ80 ሜትር መሰናክል ሯጭ ኢኩኮ ዮዳን ካሜራው ከውድድሩ በፊት ዝም ብሎ ይከታተላታል፤ ብቻዋን የምትፈጽመው ሥርዓት አላት፣ እንደ ጸሎት ያለ። በፍጻሜው አምስተኛ ወጣች። መዝገብ ጸሐፊ ቢሆን አምስተኛን ይዘላት ነበር።

ከዚያ ፊልም የማይረሳኝ ግን አህመድ ኢሳ ነው። የቻድ የ800 ሜትር ሯጭ፣ ዕድሜው 22፣ አገሩ ነፃ ከወጣች ገና አራት ዓመቷ። ተራኪው ከአገሩ በዕድሜ እንደሚበልጥ ይነግረናል። ኢቺካዋ ይህን ልጅ ትቶ ወደ አሸናፊዎቹ አይሮጥም። በምግብ አዳራሹ ብቻውን ሲበላ፣ በማያውቀው ከተማ መካከል ሲሄድ ያሳየናል። በዙሪያው ቋንቋውን የሚናገር የለም። ቀና ብሎ ነው የሚሄደው፤ የሚኮራ ወጣት ነው፤ ግን ኩራቱን የሚያይለት ሰው የለም። የመጀመሪያውን ማጣሪያ አለፈ፤ ግማሽ ፍጻሜው ላይ ቀረ። ይኸው ነው። ፉከራው አጃቢ ሲያጣ ምን እንደሚመስል ያን ያህል ያሳየኝ የለም፤ ያውም አንድም ቃል ሳይናገር።

አበበ በዚህ ፊልም ውስጥ ያለውን ቦታ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት ያህል ብቻ ሆኖታል። ካሜራው ከጎን ይይዘውና አይለቀውም፤ ከአገጩ የሚንጠባጠበው ላብ ይታያል፤ ፊቱ ግን ምንም አይሰጠንም። በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰኮንድ ገብቶ ሣሩ ላይ ጂምናስቲክ ይሠራል። ኢቺካዋ ይህን ሰው ለመተርጎም አልሞከረም፤ በአድናቆት ተሸንፎ ዝም አለ። ዝምታው ያማረ ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን ዝምታ የሚሸፍነው ነገር ቀላል አይደለም። ከአበበ በኋላ ሁለተኛ ሆኖ ስታዲየሙ የገባው ጃፓናዊው ኮኪቺ ፁቡራያ፣ በሕዝቡ ፊት በእንግሊዛዊው ቤዝል ሂትሊ ተቀድሞ ሦስተኛ ሆነ። ለቀጣዩ ኦሎምፒክ ለሜክሲኮ ሲጠበቅ፣ በጥር 1968፣ ከእንግዲህ መሮጥ እንደደከመው የሚናገር ማስታወሻ ትቶ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። እሱም እንደ እኛዎቹ «እኔ» ብሎ የማይናገር ሰው ነበር። የፕሪፎንቴን «እኔ» ሲሸነፍ የሚያፍረው ፕሪፎንቴን ነው፤ የ«እኛ» ሯጭ ሲሸነፍ ማን እንደሚያፍር፣ ዕፍረቱስ በማን ትከሻ ላይ እንደሚያርፍ ከውድድሩ በፊት አስቦት ይሆን?

ይህን ይዘን ኃይሌ ገብረሥላሴን የሚመለከተው «ኢንዱራንስ» ጋ እንደርሳለን። እንግሊዛዊው ሌስሊ ዉድሄድ ያዘጋጀው፣ ቴሬንስ ማሊክ በፕሮዲዩሰርነት ያለበት፣ የአትላንታውን ሩጫ ደግሞ በኦሎምፒክ ፊልሞቹ የታወቀው በድ ግሪንስፓን የቀረጸው ነው፤ በ1999 ለሕዝብ ታየ። ኃይሌ ራሱን ሆኖ ይሠራል፤ ልጅነቱን ከቤተ ዘመዱ የሆነ ልጅ ይሠራለታል። ንግግር ጥቂት ነው። የአርሲ ሜዳ፣ ደመና፣ ደብተሩን ይዞ የሚሮጥ ልጅ፣ ከአባት ጋር ያለው ጭንቅ፣ የእናት ሞት፤ ከዚያ የአትላንታ 25 ዙር። ምስሉ ያምራል። በአማርኛ የሚናገር ጀግና በዲስኒ ፊልም ውስጥ ማየትም በጊዜው ትንሽ ነገር አልነበረም።

ቅሬታዬ በአመክንዮው ላይ ነው። ፊልሙ መነሻ መስመር ላይ የቆመውን ወጣት ያሳየናል፤ ይህ ሰው እንዲህ የተረጋጋው ለምን ነው ብለን ስንጠይቅ ወደ ልጅነቱ ይወስደናል፤ ድሃ ስለነበረ፣ ትምህርት ቤቱ አሥር ኪሎ ሜትር ስለሚርቅ። እንግዲህ በአርሲ ወደ ትምህርት ቤት የሮጠው ልጅ ኃይሌ ብቻ ነበር? ከጎኑ የቆመው ፖል ቴርጋትስ የባሪንጎ ገጠር ልጅ አይደለም? ድህነት ጉልበት ሊያስተምር ይችል ይሆናል፤ ከተኩስ በፊት ያለውን ፈገግታ ግን አያስተምርም። ይህ የፈረንጅ አፍቃሪ ዓይን ነው፤ ሲያደንቀን ከተፈጥሮ ጋር ይደምረናል። ሰው በራሱ የሚተማመነው ስለሚያውቅ መሆኑን ይዘነጋል።

ኃይሌ ሐምሌ 22 ቀን 1988 ዓ.ም. ማታ መስመሩ ላይ ሲቆም 23 ዓመቱ ነው። ምን ያውቅ ነበር? ከአንድ ዓመት በፊት በሄንግሎ 10 ሺህ ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ43.53 ሰኮንድ፣ በዙሪክ 5 ሺህ ሜትርን በ12 ደቂቃ ከ44.39 ሰኮንድ ሮጧል፤ ሁለቱም የዓለም ክብረ ወሰን ነበሩ። በሽቱትጋርትና በጎተንበርግ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ከአሠልጣኙ ከዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ጋር የሠራውን ሥራ እግሩ ያውቀዋል። ይህ የቁጥር መተማመን ነው። ከሌላው ወገን ደግሞ ሸክሙ አለ። ከምሩፅ ሞስኮ ወዲህ 16 ዓመት ሙሉ አንድም ኢትዮጵያዊ ወንድ የኦሎምፒክ ወርቅ አላገኘም፤ ሎስ አንጀለስና ሴኡል ያለ እኛ አልፈዋል፤ በባርሴሎና ወርቁን ያመጣችው ደራርቱ ናት። ከሁሉ በላይ ደግሞ በዋዜማው፣ ሐምሌ 21 ቀን፣ ፋጡማ ሮባ ማራቶኑን አሸንፋለች። እስቲ ያቺን ሌሊት አስቧት። የቡድኑ ሰፈር በደስታ ታውኳል፤ ነገ የሚሮጠው ልጅ ክፍሉ ውስጥ ተኝቷል፤ ሁሉም ሰው «አንተማ ነገ…» እያለው ይሄዳል። የሚያስፈራው ማጣቱ አይደለም፤ ሁሉም ሰው እንደሚያገኝ እርግጠኛ መሆኑ ነው። ለእኔ «ኢንዱራንስ» መሆን የነበረበት ይህች ሌሊት ነበረች። ፊልሙ የመረጠው ሜዳውን ነው።

ውጤቱን ታውቁታላችሁ፤ 27 ደቂቃ ከ7.34 ሰኮንድ፣ ቴርጋት ከአንድ ሰኮንድ ባነሰ ልዩነት ሁለተኛ። በዚያ ደረቅ መም ላይ እግሩ ውኃ ቋጥሮ ስለነበር 5 ሺህ ሜትሩን ሳይሮጥ ተወው። ፈገግታው ግን ወደ አገር ቤት መጣ፤ በየሱቁ፣ በየታክሲው ተለጠፈ። ያንን ፈገግታ ሁሉም ሰው «ትሕትና» ብሎ ተርጉሞታል። እኔ እንደዚያ አላነበውም። የሚያውቀውን ነገር በአፉ መናገር የማይፈቀድለት ወጣት በጥርሱ የሚናገርበት መንገድ ነው። ፉከራችን ዛሬ የተደበቀው እዚያ ነው፤ ጸሐፊ ያለህ የሚለውም እሱ ነው።

ስለ አበበ በ2009 የተሠራው «አትሌቱ»፣ ራሱ ራሰላስ ላቀው የሚጫወትበትና ከዴቪ ፍራንክል ጋር ያዘጋጀው፣ ከሩጫ በኋላ ያለውን ሰው ስለሚከተል ለዛሬው ጉዳያችን ሩቅ ነው። የተሻለ ነገር ያየሁት ከበቆጂ ነው። ጄሪ ሮዝዌል በ2012 ያወጣው «ታውን ኦፍ ረነርስ» ደራርቱንና ቀነኒሳን ባፈራችው ከተማ፣ አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ዘንድ የሚሠለጥኑ ሁለት ልጃገረዶችን ዓመታት እየቆጠረ ይከተላል። ሁለቱም የሚተማመኑ ናቸው። ጧት ጭጋጉ ውስጥ ሲሮጡ የሚበልጣቸው ያለ አይመስላቸውም፤ ደግሞም እንዲያ መምሰሉ ደስ ይላል። ከከተማቸው ወጥተው ሌላ ቦታ ሲወዳደሩና ክለብ ሲገቡ ነው ነገሩ የሚለወጠው። ካሜራው ፊታቸው ላይ ሲያርፍ ከአትላንታው መም ላይ ያላየሁትን አያለሁ፤ መተማመን ገና ሲሠራ፣ ገና እርጥብ ሳለ፣ ከፍርሃት ጋር አንድ ሙቀጫ ውስጥ ሲወቀጥ። አንዷ መነሻው ላይ ቆማ ከንፈሯን ነክሳ ዓይኗ ጓደኛዋን ይፈልጋል። ማንም አልጠየቃትም፤ «ሕዝቡ በጸሎት ያስበን» የምትልበት ማይክሮፎን የለም። ስለዚህ ፊቷ ገና የራሷ ነው።

የፊልሙ ተራኪ ደግሞ ከሁለቱ አንዳቸውም አይደሉም። ብሩክ የሚባል ልጅ ነው፤ የአያቱን ኪዮስክ ይጠብቃል። እሱም መሮጥ ፈልጎ ነበር። ከኪዮስኩ መስኮት ሆኖ በመንገዱ የሚያልፉትን ያያል፤ ማን እንደሚያሸንፍ ይገምታል፤ ሸቀጥ ይሸጣል።